«ራውተሩን ነቅለው ይሰኩት» ላለኝ ድርጅት

ለተከበሩ የቤት ኢንተርኔት አቅራቢያችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነትና በተለይም ለቤትዎ ኢንተርኔት መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። ምስልዎ ሳይቆም፣ ድምፅዎ ሳይቆራረጥ፣ ከሚወዱት ሰው ጋር የጀመሩትን ወሬ እስከ መጨረሻው የሚያደርሱ ሰው ያድርግዎ። የድርጅትዎን ስም በዚህ ደብዳቤ ላይ ያልጻፍኩት ረስቼው ሳይሆን በነጻ ማስታወቂያ እንዳልሠራልዎ ሰግቼ ነው። ደንበኞችዎ እንደሆኑ ገና ይህን አንቀጽ ሳይጨርሱ ያውቁዎታል።

እኔ ሰው ሠራሽ ጥርስ እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። የጥርስ ሐኪሞች የበሽተኛውን አፍ ልክ በጀሶ አውጥተው በመልእክተኛ ይልኩልኛል፤ የቀሩት ጥርሶች ምን ዓይነት ቀለም እንዳላቸው የሚያሳየውን ፎቶ ደግሞ በእርስዎ ኢንተርኔት ይሰዱልኛል። መላኩ የእነርሱ ሥራ ነው፤ መድረስ አለመድረሱ ግን በእርስዎ በጎ ፈቃድ የሚወሰን ሆኖ ኖሯል። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ አንደኛው የእናቴ ነው፣ ሌላኛው መኝታዬም ሥራ ቦታዬም ነው። የድርጅትዎ ራውተር የተሰቀለው በሁለታችን መካከል፣ ጠባቧ ኮሪደር ግድግዳ ላይ ነበር። በክፍሌ መደርደሪያ ላይ አፋቸውን የከፈቱ የጀሶ መንጋጋዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። እናቴ ሻይ ይዛልኝ በገባች ቁጥር «ደሞ እነዚህ ሰዎች ምን ሊሉ ነው?» ትለኝ ነበር። ያኔ ቀልድ ነበር።

አቤቱታዬን በቁጥር ለይቼ እንዳቀርብ የመከሩኝ የራስዎ ሠራተኞች ስለሆኑ፣ በታላቅ ትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ አንዲት ጡረታ የወጡ ዳኛ የፊት ጥርስ ታዝዤ ሳለ፣ ፎቷቸው ከላይ ወደ ታች እየተገለጠ መጥቶ አፍንጫቸው ላይ ሲደርስ ቆመ። ግንባራቸውን አየሁ፣ መነጽራቸውን አየሁ፣ አፋቸው ግን አልመጣም። ቀኑን ሙሉ ብጠብቅም ከአፍንጫቸው በታች ሊወርድልኝ ባለመቻሉ ቀለሙን በግምት ሠራሁት። ሴትየዋ ጥርሱን አጥልቀው መስታወት ካዩ በኋላ ለሐኪማቸው «ይህ የኔ ጥርስ አይደለም፣ የሌላ ሰው ሣቅ ነው» አሏቸው ተብሎ ተነገረኝ። ለዚህ ትምህርት ሰጪ ገጠመኝ ድርጅትዎን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ብልሽቱን ለማየት የላኳቸው ባለሙያ እጅግ ጨዋ ሰው ነበሩ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገብተው፣ ጥፋቱ የግድግዳው ውፍረት እንደሆነ ነገሩኝ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ደግሞ የጀሶው ብናኝ ነው አሉ። ቀጥለው የመጡት ራውተሩን እያዩ ብዙ ካሰቡ በኋላ «ይሄ ነገር በራሱ ጊዜ ይስተካከላል» ብለው ሄዱ። ሦስቱም ከበር እንደወጡ «ችግርዎ ስለተፈታ እንኳን ደስ አለዎ» የሚል መልእክት በስልኬ ደርሶኛል። መልእክቱ አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም፤ ይህንንም ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕሬን አንስቼ አስቀምጫለሁ። ይህኛው ቁጥር ውስጥ አልገባ ብሎኛልና ቁጥሩን እዚህ ላይ ብተወው ይቅር እንደሚሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ታላቅ እህቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበረች። በሰፈራችን የምትታወቀው «ጥሩንባ» በሚል ስም ሲሆን፣ ይህን ስም ያወጣላት የመኪናዋ ክላክስ ሳይሆን የራሷ ጉሮሮ ነው። ከመንገድ ማዶ ሆና «እንዴት ዋላችሁ?» ስትለን ከእኛ በፊት ጎረቤቱ በሙሉ «ደኅና!» ይላል። እናቴ በስልክ ስታወራት ስልኩን ከጆሮዋ ክንድ ያህል አርቃ ትይዘው ነበር፤ «አንቺኮ ስልክ አያስፈልግሽም፣ መስኮት ብትከፍቺ ይበቃል» ትላታለች። ይህች ሴት፣ ክቡር ሆይ፣ ከእኛ እጅግ ርቃ በምትገኝ ከተማ የጭነቱን ሸራ ስታስር ከመኪናው ጫፍ ላይ ወድቃ ጭኗ ተሰበረ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ሰምሮላታል ተባልን። እናቴ ለረጅም መንገድ የሚሆን ጉልበት የላትም፣ ብቻዋን ትቻት መሄድም አልቻልኩም። ስለዚህ እህቴ ከሆስፒታል የምትወጣበት ቀን ሲታወቅ ጎረቤት አስጠብቄ ሄጄ ላመጣት ተስማማን። እስከዚያው ግን አመሻሽ ላይ በቪዲዮ እንገናኝ ነበር። ኮምፒውተሩን ከእናቴ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት። እናቴ ሰዓቱ ሲቃረብ ፀጉሯን ታበጥራለች፣ ሻርፗን ታስተካክላለች፣ ከዚያ ልክ እንግዳ እንደሚመጣባት ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች።

በዚያ ቀን የእህቴ ድምፅ ቀጭን ሆኖ መጣ። መስመሩ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን ወዲያው «ምን ሆነሻል?» አለቻት።

«ምንም አልሆንኩም እማዬ። ደረቴን ትንሽ ያዝ ያደርገኛል።»

«ለሐኪሙ ነግረሻል?»

እህቴ ለመመለስ እጇን አነሣች፣ አፏን ከፈተች፤ ምስሉም እዚያው ላይ ቆመ። ከንፈሯ እንደተላቀቀ፣ ዓይኗ ግማሽ እንደተከደነ፣ ጣቶቿ በአየር ላይ እንደተዘረጉ ቀረች።

እኔም ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለድርጅትዎ ደወልኩ። ሙዚቃዎን ሰማሁ። ጥሪዬ ለአገልግሎት ጥራት ሲባል እንደሚቀዳ በመልካም ድምፅ ተነገረኝ። ቆይቶ አንድ ትሑት ወጣት ስልኩን አነሣ፤ እኔም፣ አላፍርበትም፣ ጮህኩበት። እሱ አልጮኸም። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ራውተሩን ነቅለው ትንሽ ከቆዩ በኋላ መልሰው ይሰኩት» አለኝ። በዚህ መካከል እናቴ ከክፍሏ ውስጥ «ቆይ! ቆይ!» ስትል ሰማኋት። ጩኸቴ አስጨንቋት «ተው» የምትለኝ መሰለኝ። ነቀልኩት። ከዚያ መልሼ ሰካሁት፤ መብራቱ ቀይ ሆነ፣ ብርቱካንማ ሆነ፣ በመጨረሻም አረንጓዴ ሆነ። ወጣቱ «አሁን ይሠራል?» አለኝ፤ «ይሠራል» አልኩት። «ሌላ የምረዳዎ ነገር አለ?» አለኝ፤ «የለም» አልኩት።

መልሰን ብንደውል የእህቴ ስልክ አይነሣም። ለክፍሏ ነርስ በተራ ስልክ ደወልኩ፤ «ደክሟት ተኝታለች፣ ነገ ብታናግሯት ይሻላል» አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት የደወሉልን እነርሱ ናቸው። ያም በተራው ስልክ ነበር፤ አንዲት ቃል እንኳ አልተቆረጠችም።

ድርጅትዎ እህቴን ገደላት አልልም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ቢወጣ ጠበቆችዎ እንደሚጽፉልኝ አውቃለሁ። ሐኪሞቹ ከተሰበረው እግሯ ተነሥቶ ሳንባዋ ላይ የደረሰ የረጋ ደም ነው ብለውኛል፤ ደም ደግሞ ያሰበበት ለመድረስ የእርስዎን መስመር አይጠብቅም። እኔ የምጽፍልዎ ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ስለሆነው ነው።

አስከሬኗን አስመጥተን፣ ቀብረናት ተመልሰን፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሄዶ፣ እኔና እናቴ ብቻችንን እንደቀረን እናቴ «ተመልሳ መጥታ ነበር» አለችኝ።

«ማን?»

«እህትህ ናታ። አንተ እዚያ ስትጮህ፣ ምስሏ እንደቆመ ድምጿ መጣ። አንድ ነገር አለች። ያንተ ጩኸት ሸፈነብኝ። ቆይ ብዬህ ነበር እኮ።»

«እማዬ፣ መስመሩ ሞቶ ነበር። ምንም ሊመጣ አይችልም።»

«የልጄን ድምፅ ከአንተ እማራለሁ?» ብላ ፊቷን አዞረች።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እናቴ አመሻሽ ላይ ፀጉሯን አበጥራ ከባዶው ኮምፒውተር ፊት ለፊት ትቀመጥ ጀመር። በሯን እንድዘጋ አትፈቅድም። የራውተሩ መብራት ልማዱ ስለሆነ ቀይ ይሆናል፣ ከዚያ አረንጓዴ ይሆናል፤ የብርሃኑ ቀለም ከኮሪደሩ ግድግዳ ወደ ክፍሏ ሲገባ ከወንበሯ ብድግ ትላለች። ድርጅትዎ መስመሩን በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደሚያቋርጥና እንደሚመልስ የቴክኒክ ክፍልዎ ያውቀው ይሆናል። ስንት ጊዜ እንደተነሣችና እንደተቀመጠች የማውቀው ግን እኔ ነኝ። እኔንም ሳይጋባብኝ አልቀረም። ጥርስ ስሞርድ ከሞተሩ ድምፅ ስር የሚያወራ ሰው ያለ እየመሰለኝ ሞተሩን አጠፋለሁ፤ አዳምጣለሁ፤ ምንም የለም፤ መልሼ አበራለሁ። መደርደሪያው ላይ ያሉትን መንጋጋዎች በጨርቅ ሸፈንኳቸው። እናቴም ስለ እነርሱ መጠየቋን ተወች። ይህ ሁሉ ሲሆን በራሱ የሚደውለው የድርጅትዎ ድምፅ፣ ያቺ የማትደክም ሴት፣ «ውድ ደንበኛችን፣ በእኛ በኩል ከሚወዷቸው ጋር ስለሚገናኙ ደስ ብሎናል» ትለን ነበር።

ስለዚህ ልለይዎ ወሰንኩ። ሌላ ድርጅት ብንይዝ፣ ያ ራውተር ከግድግዳው ቢወርድ፣ እናቴ ታርፋለች አልኩ። የሌላው ድርጅት ሠራተኛ መሰላሉን ተሸክሞ መጥቶ ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም ካየ በኋላ፣ «ወንድሜ፣ ወደ ቤትህ የሚገባው ቀዳዳ አንድ ነው፣ እሱም የእነሱ ነው። እነሱ ካልለቀቁልህ እኔ እዚህ ሚስማር አልመታም» አለኝ። መሰላሉን አንሥቶ ሄደ። እኔም ወደ ቅርንጫፍዎ ሄድኩ።

ቅርንጫፍዎ እጅግ ያማረ ነው፤ ወንበሮቹ ሰው ረጅም ሰዓት እንዲቀመጥባቸው ታስበው መሠራታቸው ያስታውቃል። ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስቀርብ፣ ጆሮ ማዳመጫ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሠራተኛ ለምን ልለያችሁ እንደፈለግኩ ጠየቀችኝ። ከሚመረጡት ምክንያቶች ውስጥ ቤት መቀየርና ዋጋ ነበሩ፤ የመጨረሻው «ሌላ» ይላል። «ሌላ» አልኳት።

«ሌላው ምንድን ነው?»

«እህቴ ሞታለች።»

«ይቅርታ ነፍሷን ይማር። ውሉ በእርሷ ስም ነበር?»

«አይደለም፣ በእኔ ነው።»

«እንግዲያው እንደ ምክንያት አይያዝልኝም» አለች፤ ይህን ስትል ግን ዓይኔን ማየት አቃታት። ይህንንም ልብ ብያለሁ።

መስመሩ ስለማይሠራ ነው አልኳት። ማሽኗን ተመለከተችና በመዝገቡ መሠረት ያመለከትኩት ብልሽት በስልክ እንደተፈታ፣ እኔም ራሴ «ይሠራል» ብዬ እንዳረጋገጥኩ፣ ድምፄም በቀረጻ እንዳለ ነገረችኝ። ውሉን በብልሽት ምክንያት ማፍረስ አይቻልም ማለት ነው። እኔም በንዴት «እስቲ አሰሚኝ» አልኳት። ጆሮ ማዳመጫውን በመስኮቱ ስር አሾልካ ሰጠችኝ።

ክቡር ሆይ፤ የራስዎን ድምፅ ሲጮህ ሰምተው ያውቃሉ? እኔ መጀመሪያ የሰማሁት እሱን ነው። ከዚያ የዚያን ትሑት ወጣት ድምፅ ሰማሁ። ከሁለታችን ስር ደግሞ፣ ከሌላ ክፍል እንደሚመጣ ሆኖ፣ ከሌላ ክፍልም ነበርና፣ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። «እማዬ፣ ይሰማል?» ይላል። እኔ ስለ አገልግሎታችሁ እሳደባለሁ። «ይሰማል? እማዬ፣ ይሰማል?» ይላል። ወጣቱ «ራውተሩን ነቅለው» ይላል። እናቴ «ቆይ! ቆይ!» ትላለች። እኔ «ነቀልኩት» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ከስር የነበረው ድምፅ የለም።

ከመንገድ ማዶ ሰላም ስትል ሰፈር የሚመልስላት እህቴ፣ ይሰማል ወይ እያለች ትጠይቅ ነበር። መስመሩ ተመልሶ ነበር። የነቀልኩት እየሠራ ሳለ ነው።

ቤት ስደርስ ጫማዬን ሳላወልቅ እናቴ በር ላይ ቆምኩ። «እማዬ፣ እውነትሽን ነው። ተመልሳ መጥታ ነበር» አልኳት።

«ነግሬህ ነበር» አለች፤ አልተገረመችም። «ምን አለች?»

«ይሰማል ወይ አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም እማዬ። እሱኑ ደጋገመችው።»

 እናቴ ተነሥታ ፊቷን ታጠበችና «ውሰደኝ» አለችኝ።

በማግስቱ ያቺው ሠራተኛ ጆሮ ማዳመጫውን በሻርፗ ላይ አደረገችላት። እናቴ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ጆሮዋ የተሸፈነ ሰው ድምፁ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ያውቃሉ፤ በድንገት «ይሰማል ልጄ! ይሰማል!» ብላ ጮኸች።  ተራ ይጠብቁ ከነበሩት መካከል አንድ ሰውዬ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሠራተኛዋ ማንም ሳይጠይቃት ቀረጻውን ከመጀመሪያው አስጀመረችላት፤ እናቴም እንደገና መለሰች፤ ይህን ጊዜ ቀስ ብላ።

ቀረጻውን እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ። የቅርንጫፉ ኃላፊ ከቢሯቸው ወጥተው፣ በእውነት ሐዘናቸው ፊታቸው ላይ እየታየ፣ ቀረጻው የድርጅቱ ንብረት መሆኑን አስረዱኝ። ከዚህም በላይ የሦስተኛ ወገን ድምፅ ስላለበት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም አሉ። ሦስተኛ ወገን ያሏትን ወልዳ ያሳደገች እናት አጠገባቸው ቆማለች። እዚያው እየሄድን ማዳመጥን ግን አልከለከሉንም፤ ደንበኛ ሆነን እስከቆየን ድረስ ቀረጻው እንደሚቀመጥ፣ ውሉ ሲዘጋ ግን አብሮ እንደሚጠፋ ነገሩን።

ስለዚህ አልተለየንዎትም። ክቡርነትዎ ደንበኛ አጥብቆ ስለመያዝ የሚሰጧቸው ሥልጠናዎች ሁሉ ከዚህ ይማሩ። የማይሠራ መስመር ይዘን፣ ቀይና አረንጓዴ የሚል መብራት በኮሪደራችን ሰቅለን ቆየን። እናቴም የታመመ ሰው እንደሚጠየቅ «እስቲ ልሂድ ልጠይቃት» ትለኛለች፤ እወስዳታለሁ፤ ተራ እንይዛለን። እህቴ የተቀበረችበት ቦታ ሌላ ነው፤ እናቴ የምትሄደው ግን ወደ እናንተ መስኮት ነበር።  በሄደች ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያነሰች የምትመለስ ይመስለኝ ጀመር። አንድ ቀን «ዛሬ ደክሟታል፣ ድምጿ ቀነሰ» አለችኝ፤ ያኔ ፈራሁ። ቀረጻ አይደክምም እማዬ በማለት ፋንታ ክንዷን ይዤ መንገዱን አሻገርኳት።

የመጨረሻው ቀን እንደማንኛውም ቀን ነበር። ሠራተኛዋ ገና ከሩቅ አይታን ጆሮ ማዳመጫውን አዘጋጅታ ጠበቀችን። እናቴ ተቀበለቻት፣ ትንሽ ይዛው ቆየችና በመስኮቱ መልሳ ሰጠቻት።

«ተይው የኔ ልጅ።»

«አይሰማም እንዴ እናቴ? ድምፁን ልጨምርልዎ?»

«ይሰማል። እሷ ጠየቀች፣ እኔ መለስኩላት። በመጣሁ ቁጥር ያንኑ ጥያቄ ከአዲስ ታስጠይቋታላችሁ። ልጄ አልሰማችኝም ማለት ነው ብዬ ነበር የምመላለሰው፤ አሁን ግን ሳስበው የማታርፈው እኔ ስለምቀሰቅሳት ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ዝጋው» አለችኝ።

ሠራተኛዋ «ከተዘጋ ድምፁም አብሮ ይጠፋል እኮ እናቴ፣ መልሰን ልናመጣው አንችልም» አለቻት።

«አውቃለሁ።»

እኔ ግን ዝግጁ አልነበርኩም። በዚህ ሁሉ መሐል ስለ እናቴ ስል የምመላለስ ይመስለኝ ነበር፤ ፈርም ስባል ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩት። «ሌላ ጊዜ እንመለስ» አልኳት። እናቴ ክንዴ ላይ እጇን ጣል አድርጋ «አንተ አልነቀልካትም» አለችኝ። «ንቀል አሉህ፣ ነቀልክ። በል ፈርም።» ይህን ቃል ከእርሷ አፍ የምጠብቅ መሆኔን እስክትናገረው ድረስ አላወቅኩም ነበር። ሠራተኛዋ በምክንያቱ ቦታ «ሌላ» ብላ በሞላችልኝ ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ሠራተኛዋ ከመስታወቱ ጀርባ ወጥታ እናቴን በክርኗ ይዛ እስከ በሩ ሸኘቻት። ስሟን አልነግርዎትም፤ ደረቷ ላይ የተለጠፈውንም አላነበብኩም፤ ፈልገው እንዳይቀጧት።

አሁን አዲስ መስመር ገብቶልናል። ባለ መሰላሉ ሰውዬ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠርቶ ጨረሰው። ምስሉ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚደውልልን ሰው ግን የለም። እናቴ ኮምፒውተሩን ከቁም ሣጥኗ ላይ አንሥታ ወደ እኔ ክፍል አመጣችውና «ላንተ ሥራ ይሁንህ» አለችኝ። አመሻሽ ላይ በሯን ትዘጋለች። ከውስጥ የምሰማው ስትተኛ ሲጥ ሲጥ የሚለውን አልጋ ብቻ ነው፤ እርሱንም ለመስማት ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የምጠብቅበት ጊዜ አለ።

ክቡር ሆይ፤ ካሣ አልጠይቅም፣ ይቅርታም አልጠይቅም፤ ሁለቱንም በየመልእክትዎ መጨረሻ ላይ በብዛት ስለሚልኩልን ሞልቶናል። አንድ ትንሽ ልመና ብቻ አለኝ። ስልክ የሚያነሡት ትሑታን ወጣቶች የሚያነቡት የተጻፈ ነገር እንዳላቸው አውቃለሁ። «ራውተሩን ይንቀሉት» ከሚለው በፊት አንዲት ዓረፍተ ነገር ይጨምሩልኝ፤ «ከመንቀልዎ በፊት፣ በቤቱ ውስጥ ከሰው ጋር እየተነጋገረ ያለ ካለ ይጠይቁ» የምትል። ወጪ የላትም፣ ገመድ አትፈልግም፣ ግድግዳ አያግዳትም። እኔ ተጠይቄ ቢሆን ኖሮ ወደ እናቴ ክፍል አንገቴን አስግጌ እመለከት ነበር።

ላሳዩን ትዕግሥት፣ ላሰሙን ሙዚቃ፣ እህቴን ያለ ፈቃዷ አስቀምጠው በእኔ ፊርማ ለማጥፋት ስላደረጉት ጥንቃቄ የቤተሰባችንን ምስጋና እንደገና እያቀረብኩ፣ ድርጅትዎ እንዲሰፋ፣ ደንበኞችዎም ወሬያቸውን ጨርሰው እንዲለያዩ ከልብ እመኛለሁ።

የቀድሞ ደንበኛዎ፣ የአሁን ነጻ ሰው፣ የጥሩንባ ታናሽ ወንድም፤
ጥርስ ሠሪው።

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለማተሚያ ልሰጥ ስል ከድርጅትዎ በስልኬ መልእክት ደረሰኝ። «ናፍቀውናል! ይመለሱልን» ይላል። ናፍቆት ምን እንደሆነ ማንም ያላስረዳችሁ መሆኑን ከመልእክቱ ስለተረዳሁ፣ ከሠራተኞችዎ አንዱን ወደ ቤታችን ቢልኩ እናቴ በደስታ ታስረዳዋለች። ሲመጣ ግን እባክዎ ምንም ነገር እንዳይነቅል ይንገሩት።